ድጋፉ ያበቃ ዊንዶውስ፣ ያልተጫነ አፕዴት፦ የሐዋሳ ኮምፒውተሮች ጉዳይ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጠው የነበረውን የደኅንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ይህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለ በመሆኑ፣ ዜናው በብዙ አገር የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችንና ግለሰቦችን ሲያነጋግር ከርሟል። ሐዋሳ ላይ ግን ቀኑ ብዙም ሳይወራለት አልፏል። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በትንንሽ ክሊኒኮች የካርድ ክፍል፣ በግል ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤትና በሒሳብ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ካሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አፕዴት መቀበል ያቆሙት በጥቅምት 4 ሳይሆን፣ ባለሙያው ፎርማት አድርጎ ባስረከባቸው ዕለት ነበርና። አንዳንዶቹማ ዊንዶውስ 10 እንኳ አልደረሳቸውም፤ ድጋፉ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ባበቃው በዊንዶውስ 7 እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

«ጊዜው ያለፈበት» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው፣ አምራቹ ድጋፉን ያቆመበትና ከዚያ በኋላ ለሚገኝበት ቀዳዳ፣ ማለትም አጥቂ ሊገባበት ለሚችል የፕሮግራም ስሕተት፣ መድፈኛ የማይወጣለት ሲስተም ነው። ሌላው፣ መድፈኛው ከወጣ ዓመታት ተቆጥረው ሳለ ያልተጫነበት ሲስተም ነው። የሁለቱ አደጋ እኩል አይደለም። አፕዴቱን እስከ መጨረሻው ተቀብሎ ድጋፉ ያበቃበት ኮምፒውተር የሚያሰጋው ወደፊት በሚገኘው ቀዳዳ ነው። አፕዴት ተጭኖበት የማያውቀው ኮምፒውተር ግን ስማቸው፣ ቁጥራቸውና የመጥለፊያ ዘዴያቸው ሳይቀር በአደባባይ የተጻፈ በርካታ ቀዳዳዎችን ይዞ በየቀኑ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል። አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ከብዙዎቻችን አቅም በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ በነጻ የወጣውን አፕዴት ሳይጭኑ ስለ ዊንዶውስ 11 መጨነቅ ቅደም ተከተሉን የሳተ ነው ብዬ አምናለሁ።

አፕዴት በወጣ ቁጥር የሚመረምሩት የጥበቃ ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። አጥቂዎችም ከአፕዴቱ በፊትና በኋላ ያለውን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው የኮዱ ክፍል እንደተለወጠ ያያሉ፤ የተለወጠው ክፍልም ቀዳዳው የት እንደነበር ይነግራቸዋል። በመሆኑም መድፈኛው በወጣና ተጠቃሚው በጫነው መካከል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ አደገኛው ጊዜ ነው፤ አፕዴቱ በተዘጋበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ይህ ጊዜ ማብቂያ የለውም። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 አብዛኛውን ኮድ የሚጋሩ መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዛሬ ለ11 የሚወጣው መድፈኛ በ10 ላይ ሳይደፈን የቀረውን ቀዳዳ ይጠቁማልና።

የዋናክራይ ጥቃት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማይክሮሶፍት ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር በሚጋሩበት አሠራር ላይ የነበረውን ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. አወጣ። ሻዶው ብሮከርስ የተባለው ቡድን ያንኑ ቀዳዳ መጥለፊያ መሣሪያ ሚያዝያ 6 ቀን ለሕዝብ በተነው። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ ተነሣ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺሕ በላይ ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ተቆልፎ ገንዘብ ተጠየቀባቸው፣ በእንግሊዝም ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዱ። ያን ጊዜ ስሙ በብዛት የተነሣው ድጋፉ ከተቋረጠ ሦስት ዓመት ያለፈው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ከልማዱ ወጥቶ ለእርሱ የድንገተኛ ማስተካከያ ለቋል። በኋላ ሲጣራ ግን ከተጠቁት ውስጥ እጅግ የሚበዙት የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ሆነው ተገኙ። ዊንዶውስ 7 በዚያ ጊዜ የደኅንነት አፕዴት ድጋፉ አልተቋረጠም ነበር። መድፈኛው ከጥቃቱ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ወጥቶ፣ በነጻ ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነበር፤ የጎደለው የሚጭነው ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን አይጫንም? ባለቤቶቹን በስንፍና መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምክንያታቸውን ቀርቦ ላየው ሰው የማይናቅ ሆኖ ይገኛል። ቀዳሚው ዳታ ነው። ብዙ የጽሕፈት ቤቶች ኢንተርኔት የሚያገኙት ከባለቤቱ ስልክ በሆትስፖት ነው፤ የዊንዶውስ 10 ወርኃዊ አፕዴት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይፈጃል። አራት ኮምፒውተር ያለው ቤት ያንኑ አንድ ፋይል አራት ጊዜ ያወርዳል ማለት ነው። ጠዋት የተገዛው ፓኬጅ ከቀትር በፊት ሲያልቅ ባለቤቱ ባለሙያውን ጠርቶ «ይሄን ዳታ የሚበላ ነገር አጥፋልኝ» ይለዋል፤ ባለሙያውም የአፕዴቱን አገልግሎት ከሥሩ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም። ባለሙያው ሥራ ቀይሮ ቢሄድ፣ ኮምፒውተሩም ለሌላ ሰው ቢሸጥ፣ አገልግሎቱ እንደተዘጋ ይቀራል።

መብራትም አለ። አፕዴት በመጫን ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ሥራው ተቋርጦ ሊቀር፣ አንዳንዴም አልነሣ ሊል ይችላል። ዊንዶውስ 10 ብዙውን ጊዜ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ግን በተለይ ሃርድ ዲስኩ ያረጀ ከሆነ ነገሩ በፎርማት የሚያልቅበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበት ሰው አፕዴት የሚለውን ቃል ሁለተኛ መስማት አይፈልግም፤ እውነትም አለው። መፍትሔው ግን መዝጋት ሳይሆን ጊዜ መምረጥ ነው፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተውሶም ቢሆን፣ የደንበኛ ወረፋ በሌለበት ሰዓት፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰነዱን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ።

ሦስተኛውን ምክንያት ሰዎች ጮክ ብለው አይናገሩትም። ከተማው ውስጥ የሚጫነው ዊንዶውስ በአመዛኙ ያልተገዛ፣ በክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ቁጥጥሩን በሚያልፍ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ነው፤ አፕዴት ከመጣ «ትክክለኛ ቅጂ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ ብቅ ይላል፣ ስክሪኑም ይጠቁራል ተብሎ ይፈራል። እዚህ ላይ በሰፊው የማይታወቅ ነገር አለ፦ ያልተመዘገበ ዊንዶውስ 10 የደኅንነት አፕዴት ከመቀበል አይከለከልም። ጉዳቱ የሚመጣው ከክራኩ ራሱ ነው። የተለመደው የክራክ ዓይነት ገና ሲጀምር ጸረ ቫይረሱን አጥፉልኝ ይላል፤ በቴሌግራም ቻናሎች «ላይት» እየተባሉ የሚሰራጩት የተቀነሱ የዊንዶውስ ቅጂዎች ደግሞ ኮምፒውተሩ ፈጣን እንዲመስል የአፕዴቱን ክፍል ጭራሽ ቆርጠው ያወጡታል። በእነዚህ ላይ አፕዴት ለመጫን መድከም ከንቱ ነው፤ የተቆረጠውን መልሶ መቀጠል አይቻልም፣ ቆራጩ ምን እንደጨመረበትም ማንም አያውቅም። የዊንዶውስ 10 መጫኛ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ ያለክፍያ ይወርዳል። ለአንድ ጊዜ አራት ጊጋባይት የሚያህል ዳታ አውጥቶ ንጹሑን መጫኛ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ ከቴሌግራም የወረደውን ለመቶ ደንበኛ ከማዳረስ በእጅጉ የተሻለ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ለፎርማት ባለሙያዎቻችን የሚሆን ለዘብ ያለ አነጋገር የለኝም።

በዊንዶውስ 7 ላይ አፕዴት መጫን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ስለሆነም ጥቂት ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አቶቴ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ያየሁት ዴስክቶፕ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ጸሐፊዋ የሥራ ማመልከቻ የሚሞላበትን ድረ ገጽ ስትከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ እርሷም ሳታነብ «ቀጥል» የሚለውን ትጫናለች። በስክሪኑ ጥግ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 2009ን ያሳያል። የጽሕፈት ቤቱን ባለቤት ስለ ቀኑ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሱን ተወው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ለትየባ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ለትየባ ምንም አያደርግም፤ ለአፕዴት ግን ሁሉ ነገር ነው። በእናት ቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። የድረ ገጽና የአፕዴት ማረጋገጫ ሰርተፊኬቶች ሁሉ የሚጸኑበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ስላላቸው፣ ያለፈው ዘመን ላይ የቆመ ኮምፒውተር ትክክለኛውን ሰርተፊኬት «ገና ያልጸና» ብሎ ይጥለዋል። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የምትገኘዋን ባትሪ መቀየርና ቀኑን ማስተካከል ከማንኛውም አፕዴት የሚቀድም ሥራ ነው።

ቀኑ ከተስተካከለም በኋላ ዊንዶውስ 7 «አፕዴት ፈልግ» ሲባል ለሰዓታት ሲያጉረመርም ሊቆይ፣ ወይም 8007 ብሎ የሚጀምር የስሕተት ቁጥር አውጥቶ ሊያቆም ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ማይክሮሶፍት የድሮውን አፕዴት ሁሉ አጥፍቶታል ብሎ ይደመድማል። አላጠፋውም። የሆነው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አፕዴት ከማይክሮሶፍት የመጣ ለመሆኑ ዲጂታል ፊርማ ይደረግበታል፤ ፊርማው ቀድሞ ሻ-1 በተባለው ዘዴ ይሠራ ነበር፣ ይህ ዘዴ ሊጭበረበር የሚችል ሆኖ በመገኘቱ ግን ኩባንያው ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለዊንዶውስ 7 የሚወጣውን አፕዴት ሻ-2 በተባለው ብቻ መፈረም ጀመረ። ፋብሪካ ላይ እንደተሠራ ያለ ዊንዶውስ 7 ይህን አዲስ ፊርማ አያውቀውምና እውነተኛውን አፕዴት ሐሰተኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አሮጌው ዘዴ የሚያገለግልበት የአፕዴት ማከፋፈያ መስመር ተዘጋ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አፕዴት ለማግኘት አስቀድሞ አፕዴት ያስፈልገዋል።

ቋጠሮው የሚፈታው በእጅ ነው። ማይክሮሶፍት አፕዴቶቹን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥበት የአፕዴት ካታሎግ የተባለ ገጽ አለ፤ ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ከዚያ ማውረድና በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ባለ 32 ቢት ይሁን ባለ 64 ቢት መለየት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ቀጥሎ ሰርቪስ ፓክ 1 የተባለው ትልቅ የአፕዴት ጥቅል መኖሩ ይታያል፤ ከሌለ ለ64 ቢት 900 ሜጋባይት የሚያህለውን ይህን ፋይል ሳይጭኑ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይቻልም። ከዚያ ኬቢ4490628 (በካታሎጉ ላይ KB4490628) የተባለው፣ አፕዴት የመጫኛውን ክፍል ራሱን የሚያድሰው ፋይል ይጫናል፤ ከእርሱ በኋላ አዲሱን ፊርማ የሚያስተዋውቀው ኬቢ4474419 ይከተላል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ እስከ ጥር 2012 ዓ.ም. በነጻ የወጡትን አፕዴቶች ዊንዶውስ በራሱ መፈለግ ይችላል። ዳታ ለመቆጠብ የሚሻ ሰው ደግሞ ሌላ አቋራጭ አለው፤ ከሰርቪስ ፓክ 1 በኋላ እስከ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. የወጡትን በአንድ የሚጠቀልለው ኬቢ3125574 ለ64 ቢት 480 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ እርሱም ኬቢ3020369 ቀድሞ እንዲጫን ይፈልጋል። ከጥቅምት 2009 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ የወጡት ወርኃዊ አፕዴቶች አንዱ የሌላውን ስለሚይዝ፣ በላዩ የመጨረሻውን የነጻ ጥቅል ኬቢ4534310ን መጨመር የጎደለውን አብዛኛውን ይሞላል። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ያስቀመጠ ባለሙያ ዳግመኛ ዳታ ሳያወጣ የሰፈሩን ዊንዶውስ 7 በሙሉ ሊያዳርስበት ይችላል።

ፍላሹ ግን ራሱ የችግሩ አካል ነው። በዚህ ከተማ ፍላሽ ይዞ ጽሕፈት ቤት የገባ ሰው ሾርትከት ቫይረስን አይረሳም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘው ፎልደር ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አብቅሎ፣ ሲከፈት ባዶ የሚመስል፣ ውስጡ ያለው ሰነድም የተደበቀ። ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን የድሮ አሠራር ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ላይ ከመጀመሪያው ቀንሶታል፣ ለኤክስፒና ለቪስታም በየካቲት 2003 ዓ.ም. በአፕዴት ዘግቶታል። የሾርትከቱ ፋይል ምስል በመታየቱ ብቻ ኮምፒውተሩን ያስጠልፍ የነበረው፣ ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ የተጠቀመበት ቀዳዳም በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ተደፍኗል። አፕዴት የሚያመላልስ ፍላሽ እንግዲህ ለዚሁ ብቻ የተለየ፣ የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ የማይጻፍበት ቢሆን ይመረጣል፤ እንዲህ ያለ መቆለፊያ ያለው ፍላሽ ካልተገኘ ፋይሎቹን በዲቪዲ ማቃጠል ዛሬም ያገለግላል። የወረደውም ፋይል በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ፣ ባሕርያቱ (ፕሮፐርቲስ) ውስጥ ባለው የዲጂታል ፊርማ ገጽ የማይክሮሶፍት ስም መኖሩ ሊታይ ይገባል። «ሙሉ የአፕዴት ጥቅል» እየተባለ በየቻናሉ የሚለጠፈው ይህን ፈተና የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው።

ዊንዶውስ 7 በዚህ ሁሉ ድካም የሚደርሰው እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ነው። ድርጅቶች በክፍያ ያገኙት የነበረው ተጨማሪ አፕዴትም ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ጎግል ክሮምም በዚያው ዓመት ትቶታል። ስለሆነም ይህን ሥራ የምመክረው ሌላ አማራጭ እስኪገኝ ለመሸጋገሪያ ነው።

የዊንዶውስ 10 ሥራ ከዚህ በጣም ይቀላል፤ ሐዋሳ ላይ ብዙ ጥቅም የሚገኘውም ከእርሱ ነው። መጀመሪያ የሚታየው የእትሙ ቁጥር ነው። በመፈለጊያው ላይ ዊንቨር (winver) ብሎ መጻፍ ቁጥሩን ያወጣል፤ የመጨረሻው እትም 22ኤች2 (22H2) ይባላል። ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች ድጋፋቸው ያቆመው ከጥቅምት 4 ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ 1909 ወይም 2004 የሚል ቁጥር የሚያሳይ ኮምፒውተር «ዊንዶውስ 10 ነው» መባሉ ብቻ አያድነውም። ወደ 22ኤች2 ከተሸጋገረና እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. የወጣውን ከተቀበለ በኋላ፣ ለግል ኮምፒውተር ተጨማሪ የአንድ ዓመት የደኅንነት አፕዴት የሚያስገኝ ምዝገባ አለ፤ የሚቆየውም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በሦስት መንገድ ይከናወናል፦ 30 ዶላር በመክፈል፣ 1000 የማይክሮሶፍት የሽልማት ነጥብ በመለወጥ፣ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ወደ ደመና፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የኩባንያው ማከማቻ፣ በማስቀመጥ። የመጨረሻው ክፍያ የለውም። ዓለም አቀፍ ካርድ የያዘ ሰው እንደልብ በማይገኝበት አገር ይህ መንገድ መኖሩ መታደል ነው፤ አንድ ምዝገባም እስከ 10 ኮምፒውተር ይሸፍናል።

መሥሪያ ቤቶች ግን በዚህ በር አይገቡም። በአንድ ማእከላዊ ሰርቨር ሥር የተመዘገቡ የቢሮ ኮምፒውተሮች የግለሰቡን ምዝገባ መጠቀም አይችሉም፤ ለድርጅት የተመደበው ዋጋ በአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። ለትምህርት ተቋማት በተቃራኒው ለመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 4 ዶላር ብቻ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠሩ የከተማችን ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊዎች ይህን ልዩነት ቢያውቁት መልካም ነው።

የዳታውም ጉዳይ ያለ መዝጋት የሚፈታ ነው። ዊንዶውስ 10 አፕዴትን እስከ 35 ቀን ድረስ ማዘግየት ይፈቅዳል፤ ግንኙነቱ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑ ከተነገረውም ትልልቁን ፋይል ሳያስፈቅድ አያወርድም። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ጥቂት ሰው የሚያውቀው ማስተካከያ ነው፤ በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች አንዱ ያወረደውን አፕዴት ሌላው ከእርሱ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ማስተካከያው በአፕዴት ቅንብሮች ውስጥ፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን (Delivery Optimization) በሚለው ሥር ይገኛል፤ «በዚሁ መረብ ያሉ ኮምፒውተሮች» የሚለው መመረጥ አለበት፣ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ኮምፒውተሮችም እንዲያከፋፍል የሚያደርገው ከተመረጠ ዳታውን ወደ ውጭ ይረጨዋልና። ያ ባለ አራት ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በዚህ መንገድ የሚያወጣው ዳታ ወደ አንድ ኮምፒውተር የሚጠጋ ይሆናል።

«ጸረ ቫይረስ አለኝ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። የዊንዶውስ 10 ተከላካይ ዲፌንደር የቫይረስ መለያዎቹን እስከ ጥቅምት 2028 በፈረንጅ አቆጣጠር መቀበሉን እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አሳውቋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ጸረ ቫይረስ የሚያውቀውን ፋይል ይይዛል እንጂ የሲስተሙን ቀዳዳ አይደፍንም፤ በእርሱ ብቻ መተማመን ግድግዳው ለተደረመሰ ቤት በር ላይ ዘበኛ ማቆም ነው።

ከአሮጌው ሲስተም ሊላቀቁ የማይችሉ ኮምፒውተሮች መኖራቸውን መካድ አይገባም። የሒሳብ ሠራተኛው የዓመታት መዝገብ የያዘው አሮጌ የፒችትሪ እትም በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ያስቸግራል። የክሊኒኩ የላቦራቶሪ መሣሪያ ከተሸጠበት ኮምፒውተር በቀር ሌላ አያውቅም። በድሮው ፓወር ግእዝ የተጻፉ ደብዳቤዎችና የስም ዝርዝሮችም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ እነዚያ እትሞች ፊደሉን፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ ቦታ ያስቀምጡት ነበርና። ከሦስቱ የመጨረሻው ምክንያት ግን ዕድሜውን ጨርሷል። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የግእዝ ፎንትና የአማርኛ የፊደል ሰሌዳ አብሮ ይዞ ይመጣል፤ የድሮውን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎችም አሉ። ለደብዳቤ ማኅደር ሲባል አንድን ቢሮ በኤክስፒ ላይ ማቆየት ሰበብ ነው። ፒችትሪውና የላቦራቶሪው መሣሪያ ግን እውነተኛ ምክንያት ናቸውና፣ የወጣላቸውን አፕዴት ሁሉ ከጫኑ በኋላ ከኢንተርኔት መለየት አለባቸው፤ ኢሜይልና ቴሌግራም አይከፈትባቸው፣ ከቢሮው ዋይፋይ ይውጡ፣ ሰነድ ሲወጣባቸው ባዶ በሆነና በተፈተሸ ፍላሽ ብቻ ይሁን። ፋይልና ፕሪንተር የሚጋሩበት አሮጌው መንገድ፣ ዋናክራይ የተሰራጨበት ማለት ነው፣ የሚያስፈልግበት ምክንያት ከሌለ ይዘጋ።

ለጽሕፈት ቤቶቹ ጉዳዩ የራሳቸው ብቻ አይደለም። የደንበኛው መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ አልፎ አልፎም ከፍቶት የሄደው ቴሌግራም በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ተገቢውን የደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ዴስክቶፑ ላይ «ስካን» በሚል ፎልደር የተከማቸውን የሰው መታወቂያ በየሳምንቱ መሰረዝ ምንም አፕዴት አይጠይቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ መቼ ይቀየር የሚለው ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ በገበያችን «ኮር አይ ፋይቭ» ተብለው የሚሸጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የሦስተኛና የአራተኛ ትውልድ ናቸው። ገደቡን በዘዴ አልፎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለው ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ኃላፊነት አይወስድም፣ ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ደግሞ እንደ ኮር ቱ ዱዎ ያሉት ጭራሽ አይነሡበትም። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው «አዲስ ግዛ» ብሎ በቀላሉ አይመክርም። ለትየባ፣ ለኢንተርኔትና ለኅትመት ብቻ የሚያገለግል ኮምፒውተር ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫንበት በነጻ ወቅታዊ አፕዴት ያገኛል፤ በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ይጻፍበታል። ከመወሰን በፊት የቤቱ ፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን በሊኑክስ የሚታዘዝ መሆኑን ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ግን ግድ ነው፤ ፕሪንተር የማያዝ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ቀንም አይቆምም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በበጀት ለሚተዳደሩ ተቋማት የጊዜ ሰሌዳው ይበልጥ ጠባብ ነው። የ2019 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጀምራል፤ ለግለሰብ የተፈቀደው ተጨማሪ ዓመት የሚያበቃውና የድርጅቶች ክፍያ በእጥፍ የሚያድገው ደግሞ በዚያው በጀት ዓመት በአራተኛው ወር፣ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በሐምሌ ጨረታ የወጣበት ኮምፒውተር እስከ ጥቅምት ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ መድረሱ አጠራጣሪ በመሆኑ፣ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚቀየር፣ የትኛው በ22ኤች2 እንደሚቆይና የትኛው ከመረብ እንደሚወጣ የሚለየው ቆጠራ ከግዢ ጥያቄው ጋር አብሮ መቅረብ ይኖርበታል፤ ቆጠራውንም በየጠረጴዛው ዊንቨር እየጻፈ የሚመዘግብ አንድ ሠራተኛ በጥቂት ቀናት ሊጨርሰው ይችላል።